ማሳህን አስተካክል

(ዘመኑ የደርግ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት መኪና ቆማለች። ጣሪያዋ ላይ ሞፈርና ቀንበር ታስሯል። ባለቤቷ ከማለዲን የፋብሪካ ጸሐፊ ነው፤ መኪናዋን ከሟች አጎቱ፣ የጥገና እውቀቱን ደግሞ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳሰቃየው እስከ ዛሬ አልለየም። ጓደኛው መገርሳ የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ከኋላ ሲገፋ ቆይቶ አሁን ላቡን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል።)

ከማለዲን፦ ባትሪው ሞቷል አልኩህ፣ ሞቷል።

መገርሳ፦ ተኝቶ ይሆናል እንጂ አልሞተም።

ከማለዲን፦ ባትሪ አይተኛም። ወይ ይሠራል ወይ ይሞታል።

መገርሳ፦ ማክሰኞ ሞቷል ብለኸኝ ገፋሁ፣ ተነሣ። ሐሙስም ሞተ፣ ተነሣ። እኔ እንደዚህ ሞት የለመደ ነገር አላየሁም።

ከማለዲን፦ ስማ፣ ላስተምርህ። ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

መገርሳ፦ አመንጭቶስ?

ከማለዲን፦ ለባትሪው ይሰጣል።

መገርሳ፦ ባትሪውስ?

ከማለዲን፦ ያስቀምጣል።

መገርሳ፦ አስቀምጦማ ቢሆን እኔ አልገፋም ነበር። ከሁለቱ አንዱ ሌባ ነው።

ከማለዲን፦ ሌባ የሚባል የለም። ዲናሞውን ቀየርኩ፣ ባትሪውን ቀየርኩ፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ቀየርኩ። በቀየርኩ ቁጥር ሦስት ቀን በደንብ ትሠራለች፣ ከዚያ ይቺ ቀይ መብራት ትበራብኛለች።

መገርሳ፦ እኔማ ቀይ ያበራችው እንደ ቀበሌያችን ሆና መስሎኝ።

ከማለዲን፦ (ግራ ቀኙን ገልመጥ ብሎ) ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ አፍህ ሊያስበላን ነው።

መገርሳ፦ እሺ። እንግዲያው ቀንበሩን እናውርደው።

ከማለዲን፦ ለምኑ?

መገርሳ፦ እነዚያ ማዶ የሚግጡት የጎረቤቴ የሮሪሳ በሬዎች ናቸው። እንጠምዳቸውና ይጎትቷት። ለዚሁ ብለህ የጫንከው መስሎኝ፣ «ዛሬስ አስቦበት መጣ» እያልኩ በሆዴ ሳመሰግንህ ነበር።

ከማለዲን፦ ወይ አንተ። ቀንበሩን የማሳየው ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለአቶ ዱጉማ ነው። የእርሻ ዕቃ እንዳለኝ ካላየ መሬት አይሰጠኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል። አንተ «ጎበዝ አራሽ ነው» ብለህ ትመሰክርልኛለህ።

መገርሳ፦ ያምና ጤፌን ሣር ነው ብለህ ነቅለህ ነቅለህ የጨረስክልኝ ሰውዬ?

ከማለዲን፦ አረም አግዘኝ አልክ፣ አገዝኩህ።

መገርሳ፦ ምን ነክቶህ ነው ግን እርሻ ያማረህ?

(ከማለዲን መልስ ከመስጠቱ በፊት የመኪናዋን በር ሁለቴ ከፍቶ ይዘጋል። እስከ አሁን ለማንም አልተናገረም።)

ከማለዲን፦ ጀዋሂርን ልነጠቅ ነው። አባቷ ጋሽ አብዱልጀባር «መጀመሪያ ማሳህን አስተካክል፣ ከዚያ ስለ ልጄ እናወራለን» አሉኝ። ነገ ከሌላ ቤት ሽማግሌ ይመጣባቸዋል። ዛሬ መሬት አግኝቼ ሳሪስ እቤታቸው ካልደረስኩ አለቀልኝ። እወዳታለሁ፣ መገርሳ። ለእሷ ስል ድንጋይም አርሳለሁ።

መገርሳ፦ ጋሽ አብዱልጀባር፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ?

ከማለዲን፦ አዎ፣ ሠላሳ ዓመት አሰብ የተመላለሱት።

መገርሳ፦ ይህን ሲሉህ የት ነበራችሁ?

ከማለዲን፦ በራቸው ላይ። ልሄድ ስል ይቺ ጉደኛ አልነሣም አለች። እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ነበር።

መገርሳ፦ ሞተር ውስጥ ገብተው ስለ እርሻ አወሩ?

ከማለዲን፦ የወሎ ሰው እኮ ናቸው፣ እርሻ ከልባቸው አይወጣም። የእኔም አባት እንደዚያው ነው።

መገርሳ፦ እስቲ ኮፈኑን ክፈተው።

ከማለዲን፦ አንተ እዚህ ውስጥ ምን ታውቃለህ?

መገርሳ፦ ምንም። ወንድሜ ኩምሳ ግን ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ምሳ ሳደርስለት ሲያወሩ እሰማለሁ። ይሄ ከባትሪው ወጥቶ መኪናዋ አካል ላይ የታሰረው ጥቁር ገመድ ምን ይባላል?

ከማለዲን፦ ግራውንድ ነዋ። መጽሐፉ ላይ ገጽ አርባ ሁለት።

መገርሳ፦ እነ ኩምሳ «ማሳ» ነው የሚሉት። ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው አሉ።

(ከማለዲን ኮፈኑን እንደ ደገፈ ደርቆ ይቀራል። መገርሳ ገመዱ የታሰረበትን ብሎን በጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፍቃል፤ ብሎኑን በፒንሳ ጥብቅ ያደርጋል። አይቸኩልም።)

መገርሳ፦ ዕቃ በቀየርክ ቁጥር ይሄን ገመድ ፈተህ ታስረዋለህ፣ እሱ ነው ሦስት ቀን የሚያሠራት፤ ሲላላ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ጋሽ አብዱልጀባር ያሉህ ይሄንን ማሳ ነው። በል አስነሣት።

(ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ማንም ሳይገፋ ይነሣል። ቀይዋ መብራት ትጠፋለች። ከማለዲን እየሳቀም እያለቀሰም መገርሳን አንገቱን አቅፎ ይስመዋል።)

ከማለዲን፦ አቶ ዱጉማ መሬቱን ይያዝ፤ በቀጥታ ሳሪስ።

መገርሳ፦ ቆይ፣ ቆይ። «ማሳህን አስተካክል» ሲሉህ አንተ ምን ብለህ መለስክላቸው?

ከማለዲን፦ (ሳቁን ያቋርጣል) «እዚህ ማሳ የለኝም፤ አባቴ ግን ወሎ ሁለት ማሳ አለው፣ አንዱን ይሰጠኛል» አልኳቸው።

መገርሳ፦ እሳቸውስ?

ከማለዲን፦ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ «ከወሎ ድረስ በምን ገመድ ልትስበው ነው?» አሉኝ።

መገርሳ፦ አንተስ?

ከማለዲን፦ የመሬት መለኪያ ገመድ የጠየቁኝ መሰለኛ። «ገመዱን ገበሬ ማኅበሩ ያመጣል» አልኳቸው።

(መገርሳ ኮረኮንቹ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንባውን ጠርጎ እስኪነሣ ሞተሩ ይጠብቀዋል።)

መገርሳ፦ በል ግባ፣ እንሂድ። ስንደርስ ሞተሯን እንዳታጠፋ። አንተም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ መኪናዋ ትናገርልህ።