የካፖርቴ ቁልፎች የት ደረሱ

ከሱቅ የሚገዛን ነገር ሁሉ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ ወይ ወልዶ ያሳድገዋል፣ ወይ በጋብቻ ይደርሰዋል። ዕቃ ሲሰበር ፊቱ ይፈካል። አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ሰው እንደሞተበት ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት የእህቴ ባል፣ ክቡር መሐንዲስ ናቸው። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ «አንቱ» የምላቸው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ክስ በአክብሮት ሲቀርብ ይበልጥ ይቆረቁራልና። መሐንዲስነቱን የሰጣቸው ትምህርት ቤት የለም። በሥራቸው የመጋዘን ኃላፊ ሲሆኑ፣ በመሥሪያ ቤታቸው አንዲት እስክሪብቶ እንኳ ያለ ፊርማ አታልፋቸውም። ከእኔ ቤት የሚወጣው ሁሉ ግን ፊርማ ጠይቆ አያውቅም።

«ይኼንንማ ቤት ውስጥ አናጣውም።»

ይህች የዘወትር ቃላቸው ናት። እርሷን የሰማ አስተዋይ ሰው መሳቢያውን ይቆልፋል፤ «ቤት» የሚሉት የእኔን ቤት ነውና። ለምን የራሳቸውን ቤት እንደማይነቅሉ እህቴን ብጠይቃት፣ «እኛ ቤት የሚነቀል ነገር እኮ አልቋል» ብላ መለሰችልኝ፤ ስትናገርም አልሳቀችም።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ዓይን ነው። ማንበብ የምትወድ ሴት ናት። ዓይኗ ሲደክም፣ እኔ ሥራ ስውል ብቻዋን የምትቀመጥበት ቤት ዝም እንዳይልባት ብዬ፣ ተነብበው የተቀዱ መጻሕፍት የተጫኑባት አንዲት የኪስ ማጫወቻ ገዛሁላት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ አንድ መርከብ አዛዥ የሚተርክ ረጅም ልቦለድ ነበር። ይሁን እንጂ የማጫወቻዋ ማስጀመሪያ መጫኛ ከምስር ስለማትበልጥ የእናቴ ጣት አያገኛትም። የጆሮ ማዳመጫውንም አልፈልግም አለች። «ጆሮዬን ደፍኜማ በር የሚያንኳኳውን በምን ልሰማው ነው?»

መፍትሔ ልገዛ ጫማዬን ሳጠልቅ ክቡርነታቸው ከሶፋው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ እስቲ። ይኼ ምንም ወጪ የለውም።»

ወጪ የለውም ሲሉ ወጪው የእኔ ነው ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ሰለባ ያው ያጠለቅሁት ጫማ ሆነ። ማጫወቻዋ ብትወድቅ እንዳትጎዳ ማኅደር ያስፈልጋታል ተባለ፤ ማኅደሩም ከግራ ጫማዬ ምላስ ተሰፋ። በማግስቱ እግሬን ሳስገባ ጎደለብኝና ብጠይቃቸው፣ «ቀኙን እኮ አልነካሁትም» አሉኝ፣ ምሕረት እንዳደረገ ዳኛ። የሳሙና ማስቀመጫዬ ማጫወቻዋ ቻርጅ ስትደረግ የምታርፍበት አልጋ ሆነ። የካፖርቴ መስቀያ በፒንሳ ተጠማዝዞ አንገቷን ያቀናች ሽመላ የምትመስል መቆሚያ ወጣው፤ ካፖርቴ ከዚያ ወዲህ በምስማር ስለሚያድር ከማጅራቱ ላይ ቀንድ አብቅሏል።

ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው መጣ። የዱቄት ወተቱ ጣሳ ባዶ እስኪሆን መታገሥ ስላልቻሉ ወተቱን በስኳር ዕቃው ውስጥ ገለበጡት፤ ስኳሩን የት እንደገለበጡት እስከ ዛሬ አልተገለጸልኝም። ጣሳውን ከጎኑ በሱት፣ ሁለቱን የጆሮ ማዳመጫዎች ወሸቁበት፣ ዙሪያውን በናስትሮ ጠቀለሉት። ድምፁ ጎላ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሚጣራ ይመስል ነበር። አዛዡ ለሚወዳት ሴት ልቡን የሚገልጥበት ምዕራፍ ሳይቀር የድረሱልኝ ጩኸት ሆነ።

«እማዬ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል ልጄ። ሰውዬው ግን አውጡኝ እያለ ነው።»

የበደሉ ቁንጮ ግን ገና አልተነገረም። በዚያች በትንሿ መጫኛ ላይ፣ ከካፖርቴ የተቆረጠ ትልቅ ቁልፍ በማስቲሽ ለጠፉባት። እናቴ ዳበስ አድርጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ አንባቢው ከጣሳው ውስጥ ተጣራ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ካፖርቴን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ቁልፉ ወለቀ። ተለጠፈ። ደግሞ ወለቀ፤ ተሰነጠቀም፤ ከካፖርቴ ሌላ ተቆረጠ። ክቡርነታቸውም በምሳ ሰዓታቸው ከመጋዘኑ ወደ ቤቴ መመላለሱን ሥራዬ ብለው ያዙት። ጎረቤቴ ጡረተኛዋ ነርስ በአጥር በኩል ጠርታኝ፣ «የእህትህ ባል ከሥራ ወጣ እንዴ? ባየሁ ቁጥር እናንተ በር ላይ ነው» እስክትለኝ ድረስ።

እኔ የተጠገነ ነገር የተጠገነ ሆኖ እንዲቀር እጠብቃለሁ። ይህንኑ ብነግራቸው፣ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ጋሼ፣ አንተ ትቸኩላለህ» አሉኝ። በጫማዬ ታገሥኩ፤ በሳሙናዬ ታገሥኩ። ካፖርቴ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ሲቀር ግን ወደ ሱቅ ሄድኩ።

ይዤ የተመለስኩት ማጫወቻዋ ላዩ ላይ የምትሰካበት፣ መዳፍ የሚያህል መጫኛ ያለው፣ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ድምፅ ማጉያ ነበር። ክቡርነታቸው ዙሪያውን አዩት፤ ገልብጠው ሆዱን አዩት።

«የሚፈታ ብሎን እንኳ የለውም» አሉ። ኀዘናቸው የእውነት ነበር።

«እንግዲህ አትድከም» አልኳቸው። በማግስቱ አልመጡም፤ በሠልስቱም አልመጡም።

ዕቃው እንከን አልነበረውም። አንባቢው ከጉድጓዱ ወጣ። እኔም እንደ ድል አድራጊ ከሥራ ስመለስ፣ «እንዴት ዋለ?» እያልኩ እናቴን እጠይቃለሁ። «ጥሩ ነው፤ ምንም አልጎደለውም» ትለኛለች። ይህን ስትል ግን ፊቷ ወደ በሩ ነበር።

አንድ ቀን ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። መጫኛውን ብነካው መርከቧ አዲሱ ዕቃ ሲገባ ከነበረችበት ወደብ ፈቀቅ አላለችም።

«እማዬ፣ አትሰሚውም እንዴ?»

«ሰምቼስ ለማን እነግረዋለሁ?»

ያልገባኝን ነገር ሁሉ የማስረዳት ግዴታ እንዳለባት እናት፣ ቀስ ብላ ቀጠለች። «እሱ ቁልፏን ሲለጥፍ የናስትሮውን ጫፍ እኔን ያስይዘኛል። ‹እማዬ፣ መርከቧ የት ደረሰች?› ይለኛል። እነግረዋለሁ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። አንተማ እንዴት ዋለ የምትለው ዕቃውን ነው።»

«ታዲያ ጠንከር ያለ ማስቲሽ ቢጠቀም ኖሮ ሳይለጥፍ ቁጭ ብሎ ያዳምጥሽ አልነበር?»

«ማስቲሹማ ጠንካራ ነው። ቁልፉ በራሱ የሚወልቅ መስሎሃል እንዴ ልጄ?»

የአውራ ጣቷን ጥፍር አንሥታ አሳየችኝ። አጭር፣ ወፍራም፣ ለሥራው የተመቸ ጥፍር ነው። ሳቋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። በክሱ ተባባሪ ተከሳሽ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም የወለደችኝ።

እንከን የለሹን ዕቃ ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ጣሳውን ከአልጋው ሥር አወጣሁ፤ ማጫወቻዋንም ወደ ጫማዬ ምላስ ማኅደር መልሼ አስገባኋት። ቁልፉ በቦታው ነው። ብጎትተው አልነቃነቅ አለኝ። በቢላዋ ጫፍ ታግዬ ሳነሣው ለሁለት ተሰበረ። እናቴ ድምፁን ሰምታ፣ «ቀስ ብለህ እንጂ፤ ከጎኑ ነው የሚጀመረው» አለችኝ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ደኅና?»

«ተበላሽቷል።»

«አዲሱ?» ተስፋቸው በስልኩ ውስጥ አልፎ ታየኝ።

«አሮጌው። ቁልፉ ተሰብሯል። ነገ በምሳ ሰዓት ና፤ መርከቧ ወደብ ላይ ቀርታለች።»

ወዲያው ጠየቀኝ፤ «ቁልፍ ግን ይገኛል?»

ካፖርቴ ቀንዱን አብቅሎ በምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የቀረችው አንዲት ቁልፍ ደረቱ ላይ ተንጠልጥላለች። መቀሱን ከመሳቢያው አወጣሁ።

«ይኼንንማ» አልኩት፣ «ቤት ውስጥ አናጣውም።»