ጋሽ ባየልኝና የቁጥር ጠባይ

ቁጥር አይቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የመተማ ዮሐንሱ ክቡር ሊቀ ቁጥር የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛው ጋሽ ባየልኝ ናቸው።

ሌላው ሰው ድንበር ላይ የተሰለፈ መኪና ሲያይ ስለ ጭነቱ ይጠይቃል፤ እሳቸው ሰሌዳውን ያካፍላሉ። «ቁጥርም እንደ ሰው ጠባይ አለው» ይላሉ። የባጃጅ ነጂውን የአንዱዓለምን ሰሌዳ፣ 10007ን፣ ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ በእንጨት ሲያካፍሉ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ሰው በተሰበሰበበት «ብቸኛ ነው! ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል አይካፈለውም» ብለው አወጁ። አምስት ዓመት ሚስት ሲፈልግ የኖረው አንዱዓለም እስከ ዛሬ አኩርፏቸዋል።

እኔም እሸሻቸው ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ቁጥር አይጠፋም፤ እሳቸው ከገቡ ደግሞ አይወጡም።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ የረፊቃ ስልክ ጓንግ ወንዝ ገባ። ሱዳን ያለው የወንድሟ የኡመይር ቁጥር እዚያ ላይ ብቻ ነበር፤ ጦርነቱ ደግሞ ወደ ሰፈሩ እየቀረበ ነው። ከስንት ልመና በኋላ አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ቁጥሩን ሲጋራ ፓኮ ላይ በዐረብኛ አሃዝ ጽፎ አመጣላት። በጥሩ ወረቀት የገለበጥኩላት እኔ ነኝ። ፓኮውን ጣልኩት።

ሦስት ቀን ደወለች፤ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጥታ ቁጭ አለችና «ኻላስ፤ አበቃ፤ ወንድሜ የለም» አለች።

ጋሽ ባየልኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ወረቀቱን አምጭው» አሉ።

«ይተዉኝ ጋሽ ባየልኝ። ዛሬስ ቁጥር አልሰማም» አለች ረፊቃ።

«ኡመይር ሊሻገር ሲል የሱዳን ሲም የገዛ ቀን አሳይቶኛል። ቁጥሩን ረስቼዋለሁ፤ ጠባዩን ግን አልረሳም። መጨረሻ ያሉት ሰባቱ አሃዞች ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈሉ ነበር።»

ቁጥሩን ሳይፈትሹ እንደማይሄዱ ገባኝ። ወረቀቱ 4801342 ይላል። ለዘጠኝ የሚካፈል ቁጥር የአሃዞቹ ድምርም ለዘጠኝ ይካፈላል። ደመሩት፤ ሃያ ሁለት። ደግመው ደመሩት።

«ሃያ ሰባት መሆን ነበረበት። አምስት ጎድሏል» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «የዐረቦቹ አምስት ምን ይመስላል?»

የጣልኩት ፓኮ ትዝ አለኝ። ክብ ነው፤ ቁርጥ የኛን ዜሮ።

ዜሮዋን ሰርዘው አምስት ጻፉ፤ 4851342። ረፊቃ ደወለች። ሦስቴ ጠራና የኡመይር ድምፅ «አሎ?» አለ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ስትረጋጋ «ዜሮ ያደረገው ማነው?» አለች። መሬት መሬት አየሁ።

«ዜሮ ማለት እኮ ምንም ነው ልጄ። ማንም ምንም አላደረገም» አሏት ጋሽ ባየልኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበር አወጣላቸዋለሁ። የራሴን ስልክ ቁጥር ከሰጠኋቸው አራተኛ ቀኔ ነው፤ ሲያካፍሉ ይውላሉ። ዛሬ «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። አጠገቤ ተቀምጠው እያየኋቸው እንዴት ብዬ ልመን?