የእትዬ ዘውዴ ቡፌ ለዓለም ዋንጫ ስትጓዝ

እኛ ሐበሾች የሚሄድ ሰው አንወድም። የምንወደው የሚሄደው ሰው ሻንጣ ውስጥ የተረፈውን ባዶ ቦታ ነው! ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ባለፈው አንዱ ወዳጃችሁ «አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት? «በሰላም ያግባህ» አላችሁት? «ስንት ኪሎ ቀረህ?» ነው ያላችሁት!

እኔም ይህን እያወቅኩ ነው አፌን የከፈትኩት።

ልጄ ሶልያና ለትምህርት ቤቷ ኳስ ትጫወታለች። የዓለም ዋንጫ አሜሪካ መጣ ሲባል ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ቀረ። እርግጥ እዚሁ ሲያትልም ጨዋታ አለ። እሷ የምትሞትለት ቡድን ግን የሚጫወተው ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ነው። «እወስድሻለሁ» አልኳት። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ «ያውም በአርቪ!» ብዬ ጨመርኩበት። አርቪ ማለት አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው፤ ፈረንጅ ቤት ሲሰለቸው ሌላ ቤት ይዞ የሚወጣበት። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ርዝመቱ አላስፈራኝም። ጫካ ውስጥ እናድራለን፣ እሳት እናነዳለን፣ ሥጋ እንጠብሳለን...

ባለቤቴ ሰብለ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን እናገራለሁ?»

«አንተ? ላገኘኸው ሁሉ!»

ስሜን ስታጠፋ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት፤ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለእትዬ ዘውዴ። እትዬ ዘውዴ የሶልያና የክርስትና እናት ናቸው፤ እንቢ የማይባሉ ሴት።

«ሳን ፍራንሲስኮ? ልጄ ሄለን እኮ እዚያው ኦክላንድ ናት! ትዳር ከያዘች ገና ቅርብ ጊዜዋ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መኪናው ሰፊ ነው?»

እዚህ ላይ ምላሴን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ «ቤት ይበሉት!» አልኳቸው።

«እንግዲያውማ ትንሽ ዕቃ ነበረችኝ...»

እባካችሁ፣ «ትንሽ ዕቃ» ስትባሉ መጠኗን ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ! የእትዬ ዘውዴ ትንሽ ዕቃ ቡፌ ሆና ተገኘች። አዎ፣ ብርጭቆና ሰሃን የሚደረደርባት፣ ባለ መስታወት በር፣ ከእኔ የምትረዝም ቡፌ! ዋይት ሴንተር ካለው ቤታቸው እኔና ሰብለ ተሸክመን ስናወጣት ወገቤ የሆነ ድምፅ አሰማ፤ እስካሁን ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። ከኦበርን አንዱ የሕፃን አልጋ ጭኖ መጣ። ከቤልቪው አንዷ ምንጣፍ ላከች። የማላውቀው ሰው ደግሞ ደጃፌ ላይ በርበሬ ትቶልኝ ሄደና ደወለ፦ «ብሮ፣ እዛ ስትደርስ ጀስት ኮል አድርግላቸው፣ መጥተው ፒክ ያደርጉታል።»

ስንነሳ ቡፌዋ አልጋው ላይ፣ ምንጣፉ መታጠቢያው ውስጥ፣ የሕፃኑ አልጋ ምድጃው ላይ ነበር።

«ዳድ፣ ዌር ዱ ዊ ስሊፕ?» አለች ሶልያና፣ የምንተኛበት ብትፈልግ ብታጣ።

«ኦኬ፣ ሶ... ቁጭ ብለን።»

ኦሪገን ጫካ ውስጥ እንደዚያው ቁጭ ብለን አደርን። ቡፌዋ መስታወቷ እንዳይሰበር ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ተጠቅልላ፣ ፍራሹ ላይ ተንጋላ ተኛች።

«ከመካከላችን አንዷ እንኳ ይመቻት» አለች ሰብለ።

ካሊፎርኒያ መግቢያ ላይ ፍራፍሬና ተክል የሚፈትሽ ሰውዬ አስቆመን። የኋላውን በር ከፍቶ አየና፣ «ቤት እየቀየራችሁ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ኳስ ልናይ ነው።»

ቡፌዋን አየ፤ እኔን አየ። «ከነቁምሳጥኑ?»

መሳቢያዋን ሲስበው እትዬ ዘውዴ ሳይነግሩን የሸጎጧት ጤና አዳም ከነአፈሯ ብቅ አለች! ሰውዬው አላሳልፍም፣ እኔ የሰው አደራ አልሰጥም... አደራ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሳስረዳው ግማሽ ቀን ሄደ። ጤና አዳሟም ቀረች። ሶልያና ስልኳ ላይ ሰዓት እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ጨዋታው በማግስቱ ነው፤ ገና ብዙ መንገድ አለን።

በማግስቱ በርበሬውን፣ ምንጣፉንና የሕፃኑን አልጋ የተላከላቸው ሰዎች ነዳጅ ማደያ መጥተው ተረከቡን። ቀረች ቡፌዋ። አውርደናት በቀጥታ ወደ ስታዲየም ልንበር ኦክላንድ ደረስን። ሄለን በሩን ከፈተችና ጮኸች።

«ውይ እማዬ! አትላኪ ብያት ነበር እኮ! አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት ላቆማት ነው?»

ከኋላዋ ቤቱን አየሁት። እውነትም፣ ቡፌዋ ከገባች ባሏ መውጣት ነበረበት።

«በቃ መልሱላት። ግን መጀመሪያ ግቡና ቅመሱ።»

«ቸኩለናል፣ ኳሱ...»

«በሞቴ!»

«በልተናል እኮ።»

«አፈር ስሆን!»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? ተቀመጥን። የዶሮ ወጡ ድስት መጣ። ሶልያና «ዳድ! ኪክኦፍ!» እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች፤ ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ እኔን ደግሞ ይሉኝታ ወንበሩ ላይ ቸንክሮኛል። ልጄን ከሲያትል ድረስ አምጥቼ ጨዋታውን ላስመልጣት ነው፤ አፌ ግን እንጀራ ሊጎርስ ተዘጋጀ። ያኔ ሶልያና ብድግ አለች። ዕድሜ ልኳን በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ በጠራ አማርኛ፦

«ጾም ነን!»

ወሩ ሰኔ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ሄለን ድስቷን አየች፣ እኛን አየች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ይቅርታ የኔ እናት... እኛ ይሄ የቄሶች ጾም ነው ብለን እኮ...»

ከዚያ በኋላ የያዘን የለም። ጠዋት ሃምበርገሯን ከነሰናፍጩ ጥርግ ያደረገች ልጅ ናት እንግዲህ! ሰብለ መኪና ውስጥ ገብታ «አንተ ነህ ውሸት ያስተማርካት» አለችኝ፤ ስትስቅ ግን አየኋት።

የመጀመሪያው አጋማሽ አመለጠን። በሁለተኛው ጎል ሲገባ ሶልያና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወገቤንም ረሳሁ፣ ቡፌዋንም ረሳሁ። ደስ አለኝ፤ በቃ፣ ደስ አለኝ።

ቡፌዋ በሰላም ተመልሳ አሁን እኛ ሳሎን ቆማለች። እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ሰንብቼ ትናንት ለእትዬ ዘውዴ ደወልኩ፤ ሰብለና ሶልያናም እንዲሰሙ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«እትዬ፣ ሄለን ቦታ የለኝም አለች...»

ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ግዴለም፣ ለበጎ ነው» አሉ። «ቫንኩቨር እህት አለችኝ። እዚያም ጨዋታ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መቼ ነው የምትሄዱት?»

«እ... እትዬ... እንግዲህ...»

ሶልያና ከሶፋው ዘላ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ጾም ነን!»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ተባረኪ!» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ቡፌ እኮ ታዲያ ጾም አያስገድፍም።»