«አብሬው ነኝ»

ሰው አገር ሄዶ የሚማርን ሰው የሚጥለው ፈተና አይደለም፤ በር ነው። ፈተናማ ይጠናል። በር ግን አይጠናም። የሚገፋ ነው የሚሳብ? ቁልፍ ተጭነው ነው የሚከፈተው ወይስ ራሱ አይቶህ ይከፈታል? ከገባህ በኋላስ ተራ የሚያዘው የት ነው? ካፖርትህን ታወልቃለህ ወይስ እንደለበስክ ትቀመጣለህ? ከኋላህ ደግሞ አንድ የቸኮለ ሰው ቆሞ ይተነፍሳል። ዲግሪውን በማዕረግ የተቀበለ ጎልማሳ እዚያ ይቆምና ስልኩን አውጥቶ አስቸኳይ መልእክት የደረሰው መስሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይህን ችግር ከሥሩ ነቅላ ልትጥል የተነሳች አንዲት ሴት አውቃለሁ። የእሷን ዓይነት ሰው እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ የትም አገር ተማሪ ባለበት አንድ አይጠፋም። አጃቢ ይባላል። የእኛዋን «እታለም» እንላታለን። ስሟ አይደለም፤ በማደሪያው ሕንጻ የነበርን ያገሯ ልጆች ያወጣንላት ነው። በዕድሜ ከእኛ ትንሽ ትበልጣለች፣ በድምፅ ደግሞ ብዙ።

በመጣሁ ሰሞን ኮሪደር ላይ ጫማዬን ሳስር ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ባንክ፣ ሒሳብ ልከፍት።»

«ብቻህን?» አለች፣ ራቁቴን ልወጣ እንደሆነ የነገርኳት ያህል። ካፖርቷን ለማምጣት ስትሮጥ አየኋት።

የባንኩን በር ባለ በሌለ ኃይሏ ገፋችው። አልተነቃነቀም። ሳበችው፤ ተከፈተ። «ይሄ በር ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለችኝ፣ የቆየ ጠባዩን እንደምታውቅ ዘመድ። ከሠራተኛው ፊት ስንቀመጥ ወንበሩ አንድ ብቻ ነበርና እሷ ከጎኔ ቆመች። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት።

«እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«አብሬው ነኝ።»

«አስተርጓሚው?»

«አይ።»

«ጠበቃው?»

«አይደለሁም። አብሬው ነኝ።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔም «አብራኝ ናት» አልኩ። ጥቂት አሰበና ተነስቶ ሁለተኛ ወንበር አመጣላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክብርት እታለም የሥራ መደብ ይኸው ሆነ፤ አብሬው ነኝ፣ አብሬያት ነኝ፣ እንደ ሁኔታው።

አሠራሯን ደጋግሜ ስላየሁት ላስረዳችሁ፤ ደስ የሚል ነገር ነውና ታገሱኝ። እታለም መንገድ አትመራም። ከፊት አትቀድምም፣ ከኋላም አትከተልም፣ ከጎን ነች። ስትሳሳቱ አታርምም፤ አብራችሁ ትሳሳታለች። የጥበቡ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንግዳን የሚያሸማቅቀው አለማወቁ ሳይሆን፣ አለማወቁ መታየቱ ነው። የማይገፋ በር ብቻውን የሚገፋ ሰው ግራ የገባው ሰው ነው። ሁለት ሆነው ሲገፉት ግን እየተመካከሩ ናቸው። ከኋላ የቆመው ችኩል እንኳ ትንሽ ፈቀቅ ይልላቸዋል።

ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዘንድም አብራኝ ወርዳለች። አብስለን፣ በልተን እንመለሳለን ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ልብስህን ጥለኸው ልትሄድ?» አለች። ሆስፒታል የተኛ ሰው የምንጠይቅ ይመስል በርጩማ ስበን ከማሽኑ መስኮት ፊት ተቀመጥን፤ ሸሚዜ ሲዞር በእጇ ሰላምታ ሰጠችው።

ፀጉር አስተካካይ ቤትም ሄደናል። አጠገቤ ቆማ «ጎኑን ተወው፤ ከላይ ቀንስለት» እያለች ሰውዬውን አዘዘችው። ለካ ከወንድ ፀጉር የምታውቀው የታናሽ ወንድሟን ብቻ ኖሯል። እስኪያድግልኝ ድረስ አንድ የማላውቀው ሰው መስዬ ኖርኩ። እሷ ግን ኮሪደር ላይ ባየችኝ ቁጥር ፊቷ ይበራ ነበር።

የጥርስ ሐኪሟን ታሪክ የሚነግረን ግንቡ ነው። ግንቡ ያልነው ቁመናው ግድግዳ ስለሚያክል ነው፤ መርፌ ሲያይ ግን የሚፈርስ ግድግዳ ነው። ሐኪሟ «አጃቢ ውጭ ይጠብቅ» አለች። እታለም ወጣች፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ግንቡ «እህህ» ባለ ቁጥር ከውጭ «አለሁ!» ትላለች። «እህህ!» «አለሁ!» በመጨረሻ ሐኪሟ ራሷ መንቀያውን እንደያዘች ወደ በሩ ዞራ «ልቀጥል?» ብላ ጠየቀች አሉ።

ይህን ሁሉ ስታደርግ የራሷ ትምህርት ነበራት። እታለም የምታጠናው ጭቃ ነው። አትሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር፣ ካስረዳችኝ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጭቃ ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል? አንዱ ግድግዳ ልጅ እስከ ልጅ ልጅ ሲቆም ሌላው ለምን በዓመቱ ይፈረካከሳል? ቤተ ሙከራዋ ውስጥ በየትሪው የተለሰነ ጭቃ አላት። አንዱ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተሸፍኗል፣ ሌላው ማራገቢያ ይነፍስበታል፣ እሷ እየዞረች ስንጥቁን ትለካለች።

ችግሩ ግን በትምህርት ክፍሏ አንድ ግምገማ መኖሩ ነው። ተማሪው በሦስት መምህራን ፊት ብቻውን ቆሞ የሠራውን ያስረዳል። ካለፈ ይቀጥላል፤ ካላለፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። እታለም ይህን ቀን ደጋግማ አራዝማዋለች። አንዴ ግንቡ ጥርሱን ሊያስነቅል ነው፣ አንዴ አዲስ የመጣች ልጅ መነጽር ልታሠራ ነው። በመጨረሻ መምህሯ «ከዚህ በኋላ አይራዘምም» ብሎ ቁርጡን ነገራት።

ወሬው ደረሰን። እኔ፣ ግንቡ እና ነርስነት የምትማረው ጎረቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን።

«ሴትዮዋ በእኛ ምክንያት ሻንጣዋን ልትሸክፍ ነው» አለች ነርሷ።

«እኔ ከእንግዲህ አላስቸግራትም» አለ ግንቡ።

«ትናንት አምፖል ልትገዛ ወስደሃት የለም እንዴ?»

«እሷ ናት እንጂ የወሰደችኝ!»

ወሰንን፤ ማንም ሰው እታለምን አብራው እንድትሄድ አያደርግም። ጊዜዋን ለጭቃዋ እንተውላት። ውሳኔያችንም እጅግ አስደሰተን፤ ውለታ የመለስን መሰለን።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«ወዴት ነው?»

«የትም።»

«ካፖርት ለብሰህ?»

«በረደኝ።»

«ጃንጥላውስ?»

ጃንጥላውን ከኋላዬ ደበቅሁ። ተመልሼ ክፍሌ ገባሁ። ግንቡ የእሳት አደጋ መውጫውን ደረጃ መጠቀም ጀመረ፤ ያ ሁሉ ግዝፈት በጣቱ ጫፍ ሲራመድ የሚያሰማውን ድምፅ እናንተው ገምቱ። ነርሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ ትወጣለች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ነርሷ መጣችብኝ። «አንተ፣ እታለም ከቤት አትወጣም» አለች። «ቤተ ሙከራ ያሉ ልጆች ጭቃው ሁሉ ያለጊዜው ደርቋል ይላሉ። ሽፋኑን የሚያረጥብ የለም።»

ሦስታችንም ሄደን አንኳኩተን ገባን። ካፖርቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ነበረች።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ወደ ጭቃዬ።»

«ታዲያ ሂጃ፣ እታለም! ማን ያዘሽ?»

ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። የእሷ የማይመስል፣ በጣም ትንሽ ድምፅ አወጣች። «እናንተን ሳደርስ ነበር እኮ እኔም የምደርሰው።»

ቀስ በቀስ ነገረችን። ከሁላችንም ቀድማ ስትመጣ ሕንጻው ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሄድና ትመለሳለች። ዳቦ ቤት መግባት ስለምትፈራ ማደሪያው ምድር ቤት ካለው የመሸጫ ማሽን ብስኩት እያወጣች ትበላ ነበር። አንድ ቀን አዲስ የመጣች ልጅ «ምግብ ቤቱ የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እታለምም የት እንደሆነ አታውቅም፤ ግን «ነይ፣ አብሬሽ ልሂድ» አለች። ከልጅቷ ጋር ስትሆን እግሯ ታዘዘላት። በዚያው ቀጠለች። እኛን ባንክ አድርሳ በመመለሻዋ ቤተ ሙከራዋ ትገባለች፤ ነርሷን ገበያ አድርሳ ለራሷም ዳቦ ትገዛለች።

«ባንኩስ?» አልኩ። «ይሄ በር ሁልጊዜ እንዲህ ነው አላልሽኝም?»

«ከዚያን ቀን በፊት ዓይኔም አይቶት አያውቅ።»

«የጥርስ ሐኪሟስ?» አለ ግንቡ፣ የተካደ ሰው መስሎ።

«አንተ ‘እህህ’ ስትል በሩን ተደግፌ ባልቆም እወድቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች ነርሷ።

«ፈሪ አጃቢ ማን ይፈልጋል?»

መጀመሪያ የሳቀው ግንቡ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም፣ እሷም ጭምር፣ ዓይናችን እስኪያነባ። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሁሉን የምታውቅ ሴት ከማወቋ ቆንጥራ የሰጠችኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚያም አመሰግናት ነበር። ለካ የሰጠችኝ ከሌላት ላይ ነው። ምስጋናዬ በዚያች ሰዓት እጥፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በተራ ቤተ ሙከራ እናደርሳት ጀመር። ጭቃው እንደገና ተለሰነ። የግምገማው ዕለት ሦስታችንም አብረናት ሄድን። ጸሐፊዋ በመነጽሯ ጫፍ አየችን።

«እናንተ ደግሞ?»

«አብረናት ነን» አለ ግንቡ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«መግባት የምትችለው እሷ ብቻ ናት።»

እታለም እጄን ጨመቀችው። ለቀቀችውና ገባች። ውጭ የነበርነው እኛ ነን የተሰቃየነው። ግንቡ ወንበሩ ላይ አልቀመጥ አለ፤ ነርሷ የራሷን የልብ ምት መቁጠር ጀመረች። ውስጥ መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ቆየት ብሎ የእታለም ድምፅ መጣ፣ ያ ኮሪደሩን የሚሞላው ድምፅ፣ ስለ ስንጥቅ ሲያስረዳ። ከዚያ ሦስቱ መምህራን ባንድ ላይ ሲጠይቋት፣ እሷም ስትከራከራቸው ሰማን። ነርሷ መቁጠሯን ተወች።

አለፈች። መምህሯ ግን ሲያመሰግናት አንድ ነገር ጨመረባት። በሌላ ከተማ ጭቃ የሚያጠኑ ሰዎች ይሰበሰባሉና ሄዳ እንድታስረዳ። በባቡር ረጅም መንገድ ነው፤ ግብዣው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ግንቡ «ሻንጣ ውስጥ ገብቼም ቢሆን» ብሎ ነበር፤ የሚያክለው ሻንጣ አልተገኘም። እሷም «ተው፣ ልሞክረው» አለችው።

ሙከራውን የጀመረችው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ጭቃውን በምታደርቅበት ትዕግሥት ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ባቡር ጣቢያው ድረስ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። ቀጥሎ ተሳፍራ በመጀመሪያው ፌርማታ ወረደች፤ ደወለችልንና «ደርሻለሁ!» ብላ ጮኸች፣ ውቅያኖስ እንደተሻገረ ሰው። በሌላ ቀን ከዚያ አለፈች፤ ግን አንድ ሻንጣ የከበደው ሰውዬ አግኝታ ቤቱ ድረስ ሸኘችው፤ ያንን እንደማንቆጥርላት ነገርናት። ትንሽ ተከራከረችና ተቀበለች።

ዛሬ ጠዋት እስከ መጨረሻው ልትሄድ ተነሳች። ጣቢያ እንድናደርሳት አልፈቀደችም። ይህን ስጽፍ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ስልኬ አሁን ጮኸ፤ እሷ ናት።

«አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው» ትላለች። «ቦርሳዬን አስቀምጬበታለሁ። እስካሁን ደህና ነኝ።»