የማንጎው ባለቤት

[ቦሆል ደሴት፣ አንድ የገጠር ሰበካ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ዳር ኤፒፋኒዮና ሴሎይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኤፒፋኒዮ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ መልእክት የሚያነብ፣ የማያውቀው ነገር ያለ ከመሰላችሁ የሚቀየማችሁ ሰው ነው። ሴሎይ ዶኛ የምትባል ለማዳ ጎሹን እዚሁ ሜዳ ላይ ሲያግድ የሚውል አበልጁ ነው። ሜዳው መሃል አንድ ትልቅ ማንጎ ቆሟል።]

ኤፒፋኒዮ፦ ሲጋራ ነው አልኩህ!

ሴሎይ፦ ፒፓ ነው አበልጅ።

ኤፒፋኒዮ፦ ካፕሬ ፒፓ ሲያጨስ የት አይተህ ታውቃለህ?

ሴሎይ፦ አንተስ ሲጋራ ሲያጨስ የት አየኸው?

ኤፒፋኒዮ፦ የትም! ካፕሬ የሚባል ነገር የለማ! ዛፍ ላይ የሚቀመጥ ጸጉራም ግዙፍ ብሎ ነገር የአሮጊት ወሬ ነው።

ሴሎይ፦ ከሌለ ፒፓ ቢያጨስ ምን ቸገረህ?

ኤፒፋኒዮ፦ [ግንባሩን ይይዛል] ሁለታችን የተለያየ ካወራን ይነቁብናላ! እስቲ ከመጀመሪያው። አባ ሮዴል ይህን ሜዳ ለምን ይሸጡታል?

ሴሎይ፦ የካህናቱ ቤት ስለሚያፈስ። ረዳታቸውማ ምስኪን፣ አልጋው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚተኛው።

ኤፒፋኒዮ፦ ጎሽ! ማንጎው ላይ ካፕሬ አለ ከተባለ ገዢ ይሸሻል። ገዢ ከሸሸ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ ሲወርድ እኔ እገዛና ሱቅ እሠራበታለሁ።

ሴሎይ፦ ዶኛስ የት ትግጣለች?

ኤፒፋኒዮ፦ እሱን ለራሷ ተውላት።

ሴሎይ፦ በርካሽ ከተሸጠ ደግሞ ጣሪያው ግማሹ ይቀራል።

ኤፒፋኒዮ፦ ረዳታቸው በደህናው በኩል ይተኛላ! በል እኔ አባ ጋ ልግባ። አንተ እዚህ ሆነህ ለሚጠይቅህ ሁሉ ንገር።

ሴሎይ፦ ሲጋራ ብዬ?

ኤፒፋኒዮ፦ ሲጋራ ብለህ!

[ይገባል። ሜዳውን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ሴሎይን ያናግሩታል። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት እያማተበች መኪናዋን ታዞራለች፤ ሁለት ወንድማማቾች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። በመጨረሻ ኤፒፋኒዮ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።]

ኤፒፋኒዮ፦ የኔ ሆነ! አባ በሰው ፊት ምን አሉኝ መሰለህ? «ሌላው ሁሉ በአጉል እምነት ሲሸሽ አንተ ብቻ ቆምክ፤ የእምነት ሰው!»

ሴሎይ፦ እሰይ! ዋጋውስ ወረደ?

ኤፒፋኒዮ፦ [ይስላል] እንደዚያ ካሉኝ በኋላ እንዴት ልከራከር? ሰው ሁሉ እያጨበጨበ! ሙሉውን ከፈልኩ።

ሴሎይ፦ ጣሪያው ሙሉ ሊሆን ነዋ! ተመስገን።

ኤፒፋኒዮ፦ ተወው፣ ከሱቁ አወጣዋለሁ። ነገ አናጢው ቤንቶ መጥቶ ማንጎውን ይቆርጥና...

ሴሎይ፦ ቤንቶ አይመጣም።

ኤፒፋኒዮ፦ ለምን?

ሴሎይ፦ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

ኤፒፋኒዮ፦ ለገዢ ንገር አልኩህ እንጂ!

ሴሎይ፦ «ለሚጠይቅህ ሁሉ» ነው ያልከው። ሚስትህም ጠየቀችኝ።

ኤፒፋኒዮ፦ ሜዲንግ? ምን አለች?

ሴሎይ፦ እዚያ ሱቅ ከምቀመጥ ብላ እናቷ ጋ ሄደች። አማትህ ደግሞ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ልጃገረድ ሳለሁ ጠቅሶኛል አሉ።

ኤፒፋኒዮ፦ ማን?

ሴሎይ፦ ካፕሬው ነዋ! የመዘምራኑ አለቃም ሲያስነጥስ ሰምቼዋለሁ ብሏል።

ኤፒፋኒዮ፦ ሂድና ውሸት ነው በላቸው!

ሴሎይ፦ እሺ። ከአባ ልጀምር?

ኤፒፋኒዮ፦ ቆይ! ለአባማ... ማን አስወራው ብለው ሲጠይቁህስ?

ሴሎይ፦ ኤፒፋኒዮ እላቸዋለሁ።

ኤፒፋኒዮ፦ ለማንም አትንገር! እኔ ራሴ ማንጎው ሥር እቆማለሁ። ሰው አይቶኝ ያፍራል፣ አለቀ።

[ይሄዳል። ማንጎው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ነፋስ የለም፤ ቅጠሉ ግን የተንኮሻኮሸ መሰለው።]

ኤፒፋኒዮ፦ ሰማህ?

ሴሎይ፦ ምኑን?

ኤፒፋኒዮ፦ ምንም። [ሸሚዙን አውልቆ ገልብጦ ይለብሳል።]

ሴሎይ፦ አበልጅ፣ ሸሚዝ የሚገለበጠው እኮ ካፕሬ መንገድ እንዳያስት ነው!

ኤፒፋኒዮ፦ ሞቆኝ ነው!

ሴሎይ፦ ሲገለበጥ ይቀዘቅዛል?

ኤፒፋኒዮ፦ [ወደ ዛፉ፣ በሹክሹክታ] ይቅርታ ጌታው... አልቆይም...

ሴሎይ፦ ማንን ነው?

ኤፒፋኒዮ፦ ራሴን! ሴሎይ... አማቴ የምራቸውን ነው ጠቀሰኝ ያሉት?

ሴሎይ፦ በግራ ዓይኑ።

ኤፒፋኒዮ፦ እስቲ... አንተ ቅደም።

ሴሎይ፦ [የዶኛን ገመድ ይፈታል፤ ቀስ እያለች ማንጎው ሥር ሄዳ መጋጥ ትጀምራለች] ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ አበልጅ! ባለመሬቱ አንተ ነህ። እኛ የመጣነው ለሣሩ ነው።