የጎነ ሦስት የክርስትና ስም

መብራት ሲሄድ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሻማ ትፈልጋላችሁ፣ የመብራት ሰዎችን ትራገማላችሁ፣ ከዚያ ወሬያችሁን ትቀጥላላችሁ። እኔ ግን እፈራለሁ። ጨለማ የምፈራ እንዳይመስላችሁ። የሚያስፈራኝ በጠራራ ፀሐይ የሚሄደው መብራት ነው። በቀን መብራት ኖረ አልኖረ ማን ልብ ይለዋል? ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ እና የፕላዝማ መምህር።

ፕላዝማ ያልደረሰበት አንባቢ ካለ ላስረዳ። እኔ ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው ከሰሌዳው አጠገብ ከተቀመጠ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ትንፋሽ ሳትወስድ ትናገራለች። እኛ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ እናስተዋውቃታለን፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ እናጠቃልልላታለን። መካከሉ የእሷ ነው። ሌሎች መምህራን “በር ከፋች ሆነን ቀረን” እያሉ ያማርሩ ነበር። እኔ በልቤ ዕድሜ ይስጣት እል ነበር። ተማሪው ሁሉ እሷን ሲያይ እኔን የሚያይ የለማ።

ዓይናፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲም የተዋወቅሁት ከመጻሕፍት ጋር ነው። ጂኦሜትሪን የወደድሁት ለምን ይመስላችኋል? ጎነ ሦስት አያፈጥም። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ግን ያፈጣል።

የተመደብሁት ብቸና ነው። እናቴ ያለችው ሞጣ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ ዓይኗም ደክሟል። ባለፈው ክረምት ደጃፏ ላይ አዳልጧት ወድቃ፣ ጎረቤት እስኪደርስላት ዝናብ ሲወርድባት ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀድሞ ይወድቃል። ሩቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። በካርታ ሩቅ አይደለም። ደብረ ወርቅን አልፎ ጉንደ ወይን ላይ ጎማው የሚተነፍስ መኪና ላይ ተቀምጦ “እናቴ ምን ሆና ይሆን” እያለ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሩቅ ነው።

ስለዚህ ዝውውር ጠየቅሁ። ሞጣ አንድ የሒሳብ መምህር ይፈለግ ነበር። ከእኛ ትምህርት ቤት ጠያቂዎቹ ሁለት ነን፣ እኔና አቶ ደሳለኝ። አቶ ደሳለኝ ፕላዝማውን ከፍተው የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉ፣ ደወል ሲደወል “ገባችሁ አይደል?” ብለው የሚወጡ ሰው ናቸው። ዳይሬክተራችን ጠሩኝና ከዞን ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ነገሩኝ። “ክፍልሽ ገብተው ያዩሻል። ሞጣ የምትገቢው በእሳቸው አስተያየት ነው” አሉኝ። ያን ሳምንት ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ መብራት አትውሰድብኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል ተረቱ? ሱፐርቫይዘሩ ገቡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሳል የያዛቸው፣ ፊታቸው ላይ ምንም የማይነበብ ሰው። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን አወጡ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ “የዛሬው ትምህርት የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር ነው” አልሁና ፕላዝማውን ከፈትሁ። አስተማሪዋ ፈገግ አለች፣ አፏን ከፈተች፣ ጠፋች።

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንድ በአንድ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ጠመኔ አነሳሁ፣ እጄ ላይ ተሰበረ። የግማሹን ግማሽ አነሳሁ። ሱፐርቫይዘሩ “ቀጥይ እንጂ መምህርት” አሉ። የምቀጥለው ምኑን ነው? ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ የእናቴ ደጃፍ ብቻ ነበር።

ያኔ መሪጌታ ተነሣ። መሪጌታ የቅጽል ስሙ ነው። ቅኔ ቤት ብዙ ዘመን ቆይቶ ዘግይቶ ወደ እኛ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማያንስ ተማሪ ነው። ደብተር ላይ መጻፍ አይወድም። ቅኔ ቤት አንድ ጊዜ የሰሙትን በቃል መያዝ ነው ልማዱ።

“ቲቸር፣ ጠዋት ለሌላው ክፍል ሲተላለፍ በመስኮት ሰምቼዋለሁ። ይዤዋለሁ። ልበለው?” አለኝ።

ራሴን ነቅንቄ ፈቀድሁለት። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ጀመረ። ከሰላምታው ጀመረ። በአስተማሪዋ እንግሊዝኛ፣ በአስተማሪዋ ፍጥነት፣ ግን በቅኔ ቤት ዜማ። መጽሐፋችሁን ግለጡ የምትለው ቦታ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ ገለጠ። ሱፐርቫይዘሩም ገለጡ። መልመጃ ሥሩ ብላ ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ ዝም አለ፤ በመካከሉ የምትመጣዋን ሙዚቃ ሳይቀር በአፍንጫው አንጎራጎራት። ከዚያ “ዌል ደን” ብሎን ቀጠለ። ማንም አልሳቀም። እኔም ፍርሃቴ ትንሽ ጋብ ሲልልኝ፣ እሱ እያለ እኔ ሰሌዳው ላይ እሥል ጀመር።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልብ ሳልል የጎነ ሦስቱን ማዕዘኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ በማለት ፈንታ ፒ፣ ኪው፣ አር ብዬ ጻፍሁ። መሪጌታ ቀና ብሎ አየና ዜማውን አቋረጠ።

“ቲቸር፣ ይሄ ሌላ ነው። እኔ የያዝሁት ኤ ቢ ሲን ነው። ይሄን አላጠናሁትም።”

“እውነቱን ነው፣ ይሄን አልተማርነውም” አሉ የፊት ወንበሮች።

ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “ታዲያ የዚህኛው ትሪያንግል ማዕዘኖች ሲደመሩ መቶ ሰማንያ አይሆኑም?” ብለው ጠየቁት።

መሪጌታ አሰበ። “ሊሆኑ ይችላሉ ጌታዬ። ግን አልተነገረንም።”

ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኔ ዞሩ። እዚያች ላይ ሞጣ ስትርቀኝ በዓይኔ አየኋት። ፈሪ ሰው ገደል ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይናገራል።

“ስምህ ማነው?” አልሁት መሪጌታን። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

“እርስዎ ያውቁት የለም? ይታየው።”

“የክርስትና ስምህስ?”

“ኃይለ ሚካኤል።”

“ቄሱ ሲያቆርቡህ ይታየው ብለው ይጠሩሃል?”

“ኧረ እንዴት ተደርጎ። በክርስትና ስሜ ነው እንጂ።”

“ታዲያ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ትሆናለህ? ቁመትህ ያጥራል?”

ከኋላ አንዱ “ኃጢአቱ ይቀላል እንጂ ቁመቱስ ያው ነው” አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መሪጌታ ግን አልሳቀም። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሰሌዳውን አየ። “ይሄ የክርስትና ስሙ ነዋ” አለ ቀስ ብሎ።

ሱፐርቫይዘሩ ግን የሚለቁ አልሆኑም። “ስሙስ ይሁን። ወፍራምና ቀጭን ቢሆንስ?” አሉ።

የፈሪ በትር አሥር ሃያ ነው። አንዴ ከጀመርሁ ማቆም አቃተኝ። ሁሉም ከደብተሩ አንድ ወረቀት ገንጥሎ የፈለገውን ዓይነት ጎነ ሦስት እንዲቆርጥ አዘዝሁ። ከዚያ ሦስቱን ማዕዘኖች ቀዶ ጫፍ ለጫፍ እንዲያገጣጥም። የገጠመው ማዕዘን ታቹ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ካለ ድምሩ መቶ ሰማንያ ነው። ወረቀቱ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከጥንት ጀምሮ ጸንቶ የኖረ ሕግ በእኔ ዕድል ያን ቀን ብቸና ላይ ሊፈርስ እንደሚችል አልተጠራጠርሁም። ወንበር ለወንበር እየዞርሁ አየሁ። ቀጥ ብሏል። ይሄም ቀጥ ብሏል። የወፍራሙም፣ የቀጭኑም።

መስኮቱ ሥር ግን ካሳነሽ የምትባል ተማሪ ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ታለቅሳለች። እኔን የምትመስል፣ ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር እንኳ የማታወራ ልጅ ናት። ሱፐርቫይዘሩ ቀድመውኝ ደረሱ። የእሷ ማዕዘኖች ቀጥ ማለት ቀርቶ ዙሪያውን ሞልተው ተዘግተዋል። ሞቴን ጠበቅሁ። ጎንበስ ብዬ ስቆጥር ማዕዘኖቹ አራት ናቸው። ስትቆርጥ አንዱ ጫፍ ተቆርጦባት ወረቀቷ ጎነ አራት ሆኖ ኖሯል።

“አልተሳሳትሽም። አንቺ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ነው የሠራሽው” አልኋት። እንባዋን ጠረገችና በክንዷ መከለሉን ተወችው።

መጨረሻ ላይ መሪጌታ ሳይጠራ ወደ ሰሌዳው ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዜማ፣ በአማርኛ፣ እየቆመ እያሰበ፣ በፒ በኩል ከመሠረቱ ጋር የማይገናኝ ትይዩ መስመር አሰመረና ማረጋገጫውን በአዲሶቹ ስሞች አንድ በአንድ አስኬደው። መብራት የመጣው ልክ ሲጨርስ ነው። አስተማሪዋ ብቅ ብላ “ጉድ ባይ” ብላን ሄደች።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ። እኔ ሻንጣዬን በሐሳቤ አሰርሁ።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ፊታቸው በርቷል። ሱፐርቫይዘሩ የሰጡኝ ውጤት በትምህርት ቤቱ ታይቶ እንደማይታወቅ፣ ከእንግዲህ የአምበርም የደጀንም የሒሳብ መምህራን እየመጡ ክፍሌን እንዲያዩ እንዳዘዙ ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ሊያፈጥብኝ ነው ማለት ነው። “ዝውውሩስ?” አልሁ በቀጭን ድምፅ።

“የምን ዝውውር? አንቺንማ ለማንም አንሰጥ። ሞጣ አቶ ደሳለኝ ይሄዳሉ። እሳቸው ቢሄዱ ማን ያለቅሳል ብለሽ ነው?”

የዚያኑ ዕለት ለእናቴ ደወልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ “አትፍሪ፣ ቀና በይ፣ ተናገሪ” ስትለኝ የኖረች እናቴ ናት። ሁሉንም ነገርኋት። መብራቱን፣ መሪጌታን፣ ወረቀቱን፣ አቶ ደሳለኝን። ብዙ ዝም አለች። ወደቀች እንዴ ብዬ ደነገጥሁ። ኋላ ትንፋሿን ሰማሁት።

“ፈሪ ለእናቱ ይገባል ሲሉ አልሰማሽም?” አለችኝ። “ስንት ዘመን ፈርተሽ፣ የዚያን ለት ምን አስደፈረሽ?”