የጓሮዬ ባቡርና የእትዬ ጥሩነሽ ድንች

ጓደኞቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ "ፎቶ የታለ?" ማለታችሁ አይቀርም። ፎቶ የለም። ደግነቱ እሱ ብቻ ነው!

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢዬ ሲገቡ፣ እኔ ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ በአፌ "ጡ...ጥ!" እያልኩ ነበር።

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

እንደምታውቁት ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የባቡር ሥዕል ነበር። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ደብረ ታቦር ያለን ባጃጅ ነው። ሥዕሉ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በዚህ ክረምት ጓሮዬ ውስጥ ሠራሁት።

ሐዲዱ የአጥር ሽቦ። ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ። ሞተሩ ከተሰበረ የልጆች መኪና የወጣ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ።

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ ዝም ብሎ መዘርጋት የለም! ቸካል ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ በውሃ ልክ ለካሁ። የቸካሎቹን ጫፍ ቀይ ቀለም ቀባሁ። መስመሩ የሚያልፈው በእኔና በጎረቤቴ በእትዬ ጥሩነሽ ድንበር ላይ ነው። አላፊ አግዳሚው ቸካሌን ለማገዶ እንዳይወስድብኝ፣ ጣውላ ላይ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩ፦

"የባቡር መስመር። ቸካል መንቀል በሕግ ያስጠይቃል።"

አራት ነጥቡ እንኳን አልጎደለም!

ከዚያ ለሥራ ሁለት ቀን እብናት ሄድኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ማንበብ አይችሉም። (ይህን ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ!) አንድ ባለባጃጅ ጠርተው አስነበቡት። "እትዬ፣ ባቡር ሊያልፍብዎት ነው" አላቸው።

ቀይ ቸካል ግቢ ከገባ በኋላ የሚመጣውን አገሬው ያውቀዋል። ማንም ቆሞ አይጠይቅም፤ ያለውን ይሰበስባል።

እሳቸውም ሰበሰቡ። የዓመት ቀለባቸውን፣ ገና አበባው ሳይረግፍ፣ መደቡን ሙሉ ቆፍረው አወጡት።

አውራ ጣት የምታክል ድንች!

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዋን ሽቦ ዘርግቼ ባቡሬን እያስነሳሁ ነው ሽማግሌዎቹ የገቡት። እትዬ ጥሩነሽ ያቺን ጥቃቅን ድንች የሞላ ቅርጫት ታቅፈው ከኋላቸው አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ተነሽ እስቲ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አያ ሞላ። "የተማርሽ አንቺ ነሽና ማመልከቻ ጻፊልን። ባቡሩ በወንዙ በኩል ይዙርልን።"

"የቱ ባቡር?" አልኩ።

በከዘራቸው ወደ ጣውላው አመለከቱ። ወደ ቁም ጽሕፈቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሰርዲኗን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ አለ?

እትዬ ጥሩነሽ ቀረብ ብለው አዩዋት። "ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት፣ እትዬ።"

"ድንቼን ያስቆፈረችኝ ይቺ ናት?"

ጭቃውን ከፉርጎዋ ላይ በቀሚሴ ጠረግኩ።

"በይ፣ አስኪጃት።"

አስኬድኳት። ከጓሮው ጌሾ ተክል ሥር ተነሥታ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ደረሰች፤ እዚያ በጎኗ ወደቀች። አያ ሞላ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እትዬ አልሳቁም። ቅርጫቱን እግሬ ሥር አስቀመጡት።

ሽምግልናው እዚያው ቆመን አለቀ። መስመሩ ይነሣል። ጓሮዬ በሙሉ ድንች ይተከልበታል። ተካይዋ፣ ኮትኳቿ፣ ከጉድጓድ ቀድታ አጠጪዋ እኔ። ለቃሚዋ እትዬ ጥሩነሽ።

"ተገቢ ነው" አልኩ። ተገቢ ነው እኮ!

ሲወጡ እትዬ ከበሩ ተመለሱ። "ቆርቆሮዋን ግን እንዳትጥያት" አሉኝ። "ድንቹ ሲደርስ መስመሯን መልሰሽ ዘርግተሽ አንድ በአንድ በእሷ ታመላልሽልኛለሽ። ተቀምጬ አያለሁ።"

ይህን የምጽፍላችሁ በጭቃ እጄ ነው። ከቸካሎቹ ግማሹን ነቅያለሁ፤ ጣውላው ከፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል።

በሕግ ያስጠይቃል ያልኩት እኔ፣ የምነቅለው እኔ። ወገኖቼ፣ ማንን ልክሰስ?